ለሰባት ቤተሰብ ግቢ በአንድ ሰው ስም ካርታ?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው፤ ሦስቱም ልጆቼ አሜሪካ ናቸው። በአንድ የጽዋ ማኅበር ዘመን ካስቆጠርን ሰዎች ጋር፣ ሰባት ቤተሰብ ሆነን፣ በአንድ ግቢ አብረን ለማርጀት ወስነናል። ከመካከላችን አንዷ ዴንማርክ ስትማር ያየችው ዓይነት ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ትንሽ ቤት ይሠራል፣ ትልቁ ወጥ ቤት፣ ሳሎኑ፣ የእንግዳ ክፍሉና ጓሮው የጋራ ይሆናል። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሰፊ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት አግኝተናል። አሁን የምኖርበትን ቤት ሸጬ ድርሻዬን እከፍላለሁ፤ አንድ ሚሊዮን ብር ግን አስቀድሜ ሰጥቻለሁ። የተፈራረምነውን ወረቀት ፎቶ አያይዣለሁ። አባል ድርሻውን ለማናውቀው ሰው እንዳይሸጥ ማድረግ እንችላለን? ወርኃዊ መዋጮ የማይከፍልን ሰው ማስወጣትስ? በማኅበር እንደራጅ ወይስ እንዲሁ እንኑር?

መልስ፦ ሐሳባችሁ የሚያስቀና ነው። ጓደኛዎ ያየችው አኗኗር በዴንማርክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ከኮፐንሃገን በስተሰሜን በተሠራው ሴተዳመን በሚባለው መንደር ነው፤ 27 ቤቶችና አንድ የጋራ ቤት አሉት። ማኅበር ጠጥቶ፣ ዕድር ገብቶ ላደገ ኢትዮጵያዊ ለሐሳቡ እንግዳ መሆን የለበትም። ሕጉ ግን የጽዋ ማኅበርን ፍቅር አይመዘግብም፤ የሚመዘግበው ስም ነው።

የጠየቁኝን ባጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልለፍ። አንድ አባል ድርሻውን ለውጭ ሰው ከመሸጡ በፊት ለእናንተ እንዲያቀርብ በውል ማስገደድ ይቻላል፤ እስከ ወዲያኛው አትሸጥም ማለትን ግን ፍርድ ቤት ይቀበለዋል ብዬ አልወራረድም። መዋጮ ያልከፈለን ሰው በዕዳው ትከሱታላችሁ እንጂ ከገዛ ቤቱ በስብሰባ ድምፅ አታባርሩትም። አደረጃጀቱን በተመለከተ፣ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አንዱ መንገድ ነው፤ ለእናንተ የሚቀርበው ግን የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይመስለኛል። ብዙ ሰው ይህ አዋጅ ለኮንዶሚኒየም ፎቅ ብቻ የወጣ ይመስለዋል። አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የሚያዙ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያ እስካሉ ድረስ፣ ጎን ለጎን የተሠሩ ቤቶችንም ያቅፋል። የግል ቤታችሁ የግላችሁ፣ ወጥ ቤቱና ጓሮው የጋራ ሆኖ፣ መተዳደሪያ ደንባችሁም ይመዘገባል። በዚያ ይዞታ ላይ ሰባት ቤት ለመሥራት ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ክፍለ ከተማውን በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን ወዳልጻፉልኝ ነገር።

ደብዳቤዎን ስጨርስ ካርታው በማን ስም እንደሚወጣ አላገኘሁም። ፎቶውን ሳሰፋው አገኘሁት። ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው፤ በእስክርቢቶ የተጻፈ፣ ሰባት ፊርማ፣ ሦስት ምስክር፣ ከታች ፊርማዎቹን የሸፈነ የዕድር ማኅተም። ሦስተኛው መስመር ላይ የግቢው ካርታ «ለጊዜው» በማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም በመሪው ስም እንደሚሆን ይናገራል። እስከ መቼ እንደሆነ ቀን የለውም። የሙሴው ባለቤት ፊርማም የለበትም። እርስዎ እንደ ተራ ነገር ያለፉት ይህ መስመር ነው ሌሊት እንቅልፍ ሊነሳዎት የሚገባው፤ በጥብቅና ሙያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ደንበኞች ተመላልሰው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነውና። እያንዳንዱ ሲመጣ «የእኛ ሰውዬ እንዲህ ዓይነት አይደለም» ይለኛል። እኔም ሰውዬውን አልጠረጥርም። የምፈራው በእርሱ ላይ ሊደርስበት የሚችለውን ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 በስሙ ካርታ የወጣለትን ሰው የንብረቱ ባለቤት አድርጎ ይገምተዋል። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፤ ሸክሙ ግን በእናንተ በስድስታችሁ ላይ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ ለቤት ግን ጽሑፍም ብቻውን አያወርስም። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ከመሆኑም በላይ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሏል። ተዋዋዩ ውሉን በማይክድበት ጊዜ ለየት ያለ አቋም የተያዘባቸው ውሳኔዎች በኋላ መጥተዋል፤ ነገር ግን ስድስት ጡረተኞች በክርክር ጥበብ ላይ ተስፋ ጥለው ግቢ አይገዙም። የዕድሩ ማኅተም በዚህ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም። ለሐዘን ቤት እንጂ ለቤት ግዥ አልተቀረጸም።

ሙሴው ነገ ቢታመሙና ቢያርፉስ? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተገኘ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ ባለቤታቸው ግማሹን፣ ልጆቻቸው ሌላውን ግማሽ ይጠይቃሉ፤ ፈርመው ያልገቡበት ወረቀት አያስራቸውም ብለው መከራከርም ይችላሉ። ከወራሾቹ መካከል አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ የልጁን ጥቅም በሚመለከት ፍርድ ቤት ሳይፈቅድ ሞግዚቱም ሊስማማላችሁ አይችልም። ቢፋቱስ? ግቢው በክፍፍሉ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ልጃቸው ለንግድ ተበድሮ እርሳቸው ዋስ ቢሆኑና ዕዳው ባይከፈል? አበዳሪው የሚያየው በስማቸው ያለውን ካርታ ነው፤ እግድ ያስወጣል፣ በሐራጅ ያሸጣል። ካርታው ለባንክ መያዣ ከተሰጠ ደግሞ ባንኮች ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ መሸጥ የሚያስችላቸው የራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ ቁጥሩ 97/1990 ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሙሴው አንድም ጊዜ አልካዱም፤ አንድም ጊዜ ክፉ አልሆኑም።

እርስዎ በክርክሩ ቢሸነፉ የሚያገኙትን ደግሞ ያስቡት። ውሉ ፈራሽ ከተባለ ሕጉ ተዋዋዮችን ወደ ነበሩበት ይመልሳል፤ ይኸውም የሰጡት ብር ይመለስልዎታል ማለት ነው። ቤት አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት የሰጡት ያው ብር ነው። አንድ ሚሊዮን ብር ያን ጊዜ ምን ይገዛ ይሆን? ለዚያም ቢሆን መስጠትዎን ማስረዳት አለብዎት። ገንዘቡን በባንክ ነው የላኩት ወይስ በእጅ? በባንክ ከሆነ በደረሰኙ ላይ የክፍያው ምክንያት ምን ተብሎ ተጻፈ? «ስጦታ» ወይም «ዕርዳታ» የሚል ደረሰኝ ይዘው የመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ የባንኩ ሠራተኛ ሲጠይቃቸው አፋቸው ላይ የመጣውን ተናግረው ነው።

«ለሰባት ሰው ስም ማዞር ውድ ነው፣ ረጅም ነው፣ መጀመሪያ በአንድ ሰው እንግዛና እናዛውረዋለን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይህ የደላላ ምክር ነው፤ ማን እንደነገራችሁ አልጠይቅም። በኋላ ከሙሴው ወደ እናንተ ሲዛወር እንደ አዲስ ዝውውር ታክሱንና የቴምብር ቀረጡን እንደገና ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ባለቤታቸው ደግሞ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 መሠረት መስማማት ይኖርባቸዋል፤ ሳይስማሙ ከተፈጸመ በአንቀጽ 69 ማወቃቸውን ተከትሎ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ በተፈጸመ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላሉ። ስለዚህ የሽያጭ ውሉ ላይ ሰባታችሁም በስማችሁ ገዥ ሁኑ፤ ያገባ ከነትዳር ጓደኛው ይቅረብ። የድርሻ መጠናችሁ ይጻፍ። ውሉ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው የሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ፤ ካርታውም በጋራ ስም ይውጣ። ውሉን የሚያዘጋጅ ጠበቃ ያዙ። ራሴን እየሸጥኩ አይደለም፤ የፈለጋችሁት ይሁን፣ ብቻ ከሻጩና ከደላላው ጋር ያልተያያዘ ይሁን።

ሁለተኛው ያልነገሩኝ ነገር የሚሸጡት ቤት ነው። ካርታው አሁንም በሟች ባለቤትዎ ስም ይሆን? ስለ ልጆችዎ አሜሪካ እንዳሉ ብቻ ነው የነገሩኝ። ብዙ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴቶች ቤቱ በሙሉ የእነርሱ የሚሆን ይመስላቸዋል። በእኛ ሕግ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም። ቤቱ የጋራ ንብረት ከነበረ ግማሹ የእርስዎ ነው፤ ኑዛዜ ከሌለ ሌላው ግማሽ የልጆቹ ነው። ይህን መጠየቄን ይቅር ይበሉኝና፣ ባለቤትዎ ከእርስዎ ውጭ የወለዱት ልጅ ካለ እርሱም እኩል ይወርሳል፤ አለመጥቀስዎ አያጠፋውም፣ ፍርድ ቤት ያገኘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያውጡ። ልጆችዎ መምጣት ካልቻሉ ለሽያጩ ልዩ ውክልና በኤምባሲ አረጋግጠው ይላኩ፤ «ሁሉን እንድታደርግልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ምክንያት ቤት ለመሸጥ አይበቃም። ከመካከላቸው የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ካለ ቢጫ ካርዱን እንዲያወጣ ይንገሩት። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ መብት ይሰጣል፤ ኋላ እርስዎን ወርሶ በዚያ ግቢ ድርሻ ሊኖረው የሚችለውም እርሱ ነው። ልጆችዎ ይህን ዕቅድ ያውቁት ይሆን? በደብዳቤዎ ውስጥ ያወቁ አልመሰለኝም። ከእኔ ሳይሆን ከእርስዎ ይስሙት።

ከገዥው ቀብድ ተቀብለው ከሆነም ዛሬውኑ ንገሩኝ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ከተወ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የልጆችዎ ውክልና ባለመድረሱ ሽያጩ ቢቀር ገዥው ይህን ሊጠይቅዎት ይሞክራል።

እስከዚያው ቀሪውን ድርሻዎን አይላኩ። የባንክ ደረሰኙን፣ ያንን ግማሽ ገጽ ወረቀት ዋናውን፣ የባለቤትዎን የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃዎንና የአሁኑን ቤትዎን ካርታ በአንድ ፋይል ያኑሩ። ለምትገዙት ግቢ ደግሞ ሻጩ የሚያሳያችሁን ቅጂ አትመኑ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ከይዞታ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በሻጩ ጠያቂነት የሚጻፍ ማረጋገጫ ይቅረብላችሁ። በሚቀጥለው የማኅበር ቀን ሙሴውን ከሌሎቹ ፊት ሳይሆን ለብቻቸው ያነጋግሯቸው፤ ባለቤታቸውም አብረው ይቀመጡ።