ከቤት ሆኖ ቨርቹዋል አሲስታንት ስለመሥራት፦ ለጠያቂዋ እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ሆነሽ ለዓመታት ሠርተሻል፤ አሁን ሕፃን ስላለሽ ከቤት ሳትወጪ ቨርቹዋል አሲስታንት መሆን፣ ማለትም የጸሐፊነት ሥራ በኢንተርኔት ከሩቅ ለደንበኞች መሥራት አስበሻል። ኮርስ ልውሰድ ወይ፣ ደንበኛ ከየት ይገኛል፣ ስንት ላስከፍል፣ ከልጅ ጋርስ ይሆናል ወይ ነው ያልሽው። በዚሁ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ቻይው።

የኮርሱን ነገር ቶሎ እንለፈው። አያስፈልግሽም። እስከዛሬ ሰርተፍኬት አሳዪኝ ያለኝ ደንበኛ የለም። የሰው ቀጠሮ ስታስተካክዪና ደብዳቤ ስታረቅቂ የኖርሽ ሰው ዋናውን ሙያ ይዘሻል። የሚጎድልሽ መሣሪያዎቹን መልመድ ነው፤ ጉግል ካሌንደር፣ የሥራ ዝርዝር መከታተያው ትሬሎ፣ ዙም፣ ሰዓት መቁጠሪያ እንደ ቶግል ያለ። ሁሉም ነፃ አማራጭ አላቸው፣ እየነካካሽ ትለምጃቸዋለሽ።

የሚከብደው ሌላ ነው። ቢሮ ውስጥ አለቃሽ አንድ ነበር። አሁን ሦስት ደንበኛ ከያዝሽ ሦስቱም አለቃ መሆን ያምራቸዋል። ምን እንደምትሠሪ፣ በየትኛው ሰዓት እንደምትሠሪና በስንት እንደምትሠሪ አንቺ ከወሰንሽ ቢዝነስ አለሽ። እነሱ ከወሰኑልሽ ግን ተቀጣሪ ሆነሻል፤ ያውም የዓመት ፈቃድ የሌላት ተቀጣሪ።

ስለዚህ "ሁሉንም እሠራለሁ" ብለሽ አትነሺ። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባል የለ? ኢሜይል፣ ዲዛይን፣ ትርጉም፣ ሒሳብ፣ ሶሻል ሚዲያ ብለሽ ብትደረድሪ ሰሚው ለምን እንደሚፈልግሽ አያውቅም። "ለአማካሪዎችና ለአሠልጣኞች ኢሜይልና ቀጠሮ እይዛለሁ" ብትዪ ግን የሰማሽ ሰው ወዲያው አንድ የሚያውቀው አማካሪ ትዝ ይለዋል። የመጀመሪያው ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንደዚህ ነው። የድሮ አለቃሽን፣ ወጥተው የራሳቸውን ሥራ የከፈቱ ባልደረቦችሽን በግል ጻፊላቸው። ምን እንደምትሠሪ በሁለት አረፍተ ነገር ንገሪያቸው፣ በቃ።

ሠሪና ደንበኛ የሚገናኙባቸው ድረ ገጾች፣ አፕወርክና ፋይቨርም አሉ። ፋይቨር ከእያንዳንዱ ሽያጭ 20 በመቶ ከሠሪው ይወስዳል፤ ዋጋ ስታወጪ እሱን አስቢ። አፕወርክ ላይ በሰዓት ከሠራሽ ሰዓት ቆጣሪው በየ10 ደቂቃው ገደማ የኮምፒውተርሽን ስክሪን ፎቶ ያነሳል። አንዳንዱን ሰው ያናድደዋል። እኔን ብዙም አይከነክነኝም፤ ክርክር ሲነሳ መሥራትሽን የሚመሰክርልሽ እሱ ነው።

አጭበርባሪው ግን ብዙ ነው። ሥራ ከመስጠቱ በፊት ለሥልጠና ወይም ለሶፍትዌር ክፈዪ የሚልሽን አትመልሺለት። ሌላው ደግሞ ክፍያሽን አብልጦ በቼክ ይልክና "ትርፉን ለእገሌ አስተላልፊልኝ" ይላል። ገንዘቡ አካውንትሽ ላይ ይታያል፤ አንቺም ትልኪያለሽ። ከቀናት በኋላ ቼኩ ስንቅ የለውም ተብሎ ይመለሳል፣ ዕዳው አንቺ ላይ ይቀራል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ብዙ ሰው የድሮ ደሞዙን በሥራ ሰዓቱ አካፍሎ ያንኑ ይጠይቃል። ይሄ ያከስርሻል። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሪ ሁሉንም አታስከፍዪም። ደንበኛ መፈለግ፣ ኢንቮይስ መላክ፣ አዲስ ነገር መልመድ የሚከፍልበት የለም። 25ቱን ካስከፈልሽ ደህና ነሽ። እንግዲያው የሳምንት ደሞዝሽን ለ25 አካፍዪው፤ የሰዓት ዋጋሽ ገና ከመነሻው 1.6 እጥፍ ይሆናል። ኢንተርኔቱ፣ ኮምፒውተሩ፣ ግብሩ፣ ታመሽ የምትተኚበት ቀን ገና አልተጨመረም።

ከተቻለ ደግሞ በወር ጥቅል ሽጪ። በወር 10 ወይም 20 ሰዓት፣ ክፍያው ወሩ ሲጀምር። ያልተጠቀሙበት ሰዓት ይተላለፋል ወይስ ይቃጠላል? ውሉ ላይ ይጻፍ። እኔ ለአንድ ወር ብቻ አስተላልፋለሁ። አለዚያ ሰዓቱ ይጠራቀምና ደንበኛሽ አንድ ቀን ተነስቶ የከረመውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ሥሪልኝ ይልሻል።

"ትንሽ ነገር ናት፣ አምስት ደቂቃ አትፈጅም" የምትለዋን አረፍተ ነገር መቼም ትሰሚያታለሽ። ኢሜይል ልትይዢ ተስማምተሽ ፖስተር ሥሪልኝ ትባያለሽ። እምቢ አትበዪ፣ አትኮሳተሪም። እንዲህ ብለሽ መልሺ፦ "ደስ ይለኛል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከዚህ ወር ሰዓትዎ ላይ ልቀንስ ወይስ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ?" ግማሹ ጥያቄ እዚያው ይሞታል። የቀረው ይከፈልበታል። ሰዓታቸው ሊያልቅ ሲልም ቀድመሽ አሳውቂ፤ መጨረሻ ላይ ድንገተኛ ሒሳብ ማየት የሚወድ የለም።

አዲስ ኢንቦክስ ስትረከቢ የመጀመሪያውን ሳምንት በደንበኛሽ ስም ምንም አትላኪ። መልሱን ጽፈሽ ድራፍት ላይ አስቀምጪ፤ እሷ አይታ ትላከው። ምን እንደምታስተካክል ተመልከቺ። "ውድ" የሚለውን ሁልጊዜ ታጠፋለች? ለአንዱ ደንበኛ "ሰላም" ብቻ፣ ለሌላው ሙሉ ማዕረግ ትጽፋለች? አንድ ሰነድ ክፈቺና ሁሉንም መዝግቢ። የተመላሽ ገንዘብ ጥያቄ ሲመጣ ምን ይባላል፣ የማን ኢሜይል ሳይውል ሳያድር ይታያል፣ ማን ምንጊዜም ቀጠሮ አይሰጠውም። ሁለተኛ እንዳትጠይቂያት ነው። ደንበኛ ለዓመታት አብሮሽ የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ፍጥነት ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ፓስወርድ በመልእክት ሲልኩልሽ አትቀበዪ። ጂሜይል ላይ ደንበኛሽ ውክልና ልትሰጥሽ ትችላለች። በራስሽ አካውንት ገብተሽ የእሷን ኢሜይል ታነቢያለሽ፣ ትመልሻለሽ፤ ፓስወርዷን ግን አታዪውም። ስትለያዩም በአንድ ጠቅታ ታነሳሻለች። ለሌላው ሁሉ እንደ ቢትዋርደን ያለ የፓስወርድ ማስቀመጫ ተጠቀሙ። ይሄ የሚጠብቀው አንቺንም ነው። አንድ ነገር ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ነው።

ቀጠሮ የምትይዢ ከሆነ የሰዓት ለውጡን ነገር ካሁኑ እወቂው፤ አንዳንድ አገሮች በየዓመቱ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተው በኋላ ይመልሱታል። ኒውዮርክና ለንደን በአብዛኛው የ5 ሰዓት ልዩነት አላቸው። አሜሪካ ሰዓቱን ወደፊት የሚገፋው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ አውሮፓ ደግሞ በማርች የመጨረሻው እሑድ። በመካከሉ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ 4 ሰዓት ይሆናል። ሲመልሱትም እንደዚሁ ነው፤ አውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ። በየሳምንቱ የሚደጋገም ስብሰባ በኒውዮርክ ሰዓት ተይዞ ከሆነ ለንደን ያለው ሰው ካሌንደሩ ላይ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመጣበታል፤ ምናልባትም ሌላ ቀጠሮው ላይ ይወድቃል። ሰዓት የማይቀይር አገር ያለ ሦስተኛ ሰው ካለበትማ ጉዱ ይበዛል። እኔ ከእነዚያ ሳምንታት በፊት የደንበኞቼን ተደጋጋሚ ስብሰባዎች አንድ በአንድ አያለሁ፣ ለተሳታፊዎቹም "በእርስዎ ከተማ በዚህ ሰዓት ነው" ብዬ እጽፋለሁ። ማንም ያላዘዘኝ ሥራ ነው፤ ደንበኛ ግን ለወዳጁ የሚያወራው ይህችን ነው።

ግብርን በተመለከተ ደንቡ በየአገሩ ይለያያልና ያለሽበት አገር ያለ የሒሳብ ባለሙያ አማክሪ። የሥራሽን የባንክ አካውንት ግን ከመጀመሪያው ቀን ከግልሽ ለይው። ከሚገባው ክፍያ የግብሩን ድርሻ ወዲያውኑ ወደ ጎን አድርጊ፤ ያልነካሽው ገንዘብ አያስጨንቅሽም።

ልጁስ? ይሆናል፣ የምትሸጪውን ከመረጥሽ። ኢሜይልና ካሌንደር ተቆራርጦ ይሠራል፤ ግማሹ እሱ ሲተኛ፣ ግማሹ ማታ። ስልክ ማንሳትና የቀጥታ ቻት መመለስ ግን አይቆራረጥም፤ እሱን አትሽጪ፣ ጥሩ ቢከፈልም። "በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ እመልሳለሁ" የሚለውን ውሉ ላይ አስገቢ፤ አስቸኳይ የሚባለው ምን እንደሆነም አብራችሁ ወስኑ። ለቪዲዮ ስብሰባ ደግሞ ሕፃኑን የሚይዝልሽ ሰው የሚገኝበትን ሰዓት ለይተሽ እወቂ። ሰዎች ራሳቸው ቀጠሮ በሚይዙበት ካሌንድሊ ላይ ያንን ሰዓት ብቻ ክፈቺ፣ ሌላውን ዝጊው። ለምን እንደተዘጋ ለማንም ማስረዳት የለብሽም።