ልብን ማጥናት ወይስ መድኃኒት ቤት መክፈት? ለደሴዋ የፋርማሲ ተማሪ

አብሽሪ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌላው አንባቢ በአጭሩ ላስቀምጠው። ደሴ የአምስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነሽ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የልብን ሴል ከጉዳት እንዴት እንደሚጠብቅ ከተማርሽ ወዲህ ሐሳብሽ ሁሉ እዚያ ሆኗል። አባትሽ ደግሞ "ምርምር እንጀራ አይሆንም፣ ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት እንክፈትልሽ" ይላሉ። የቱን ልምረጥ ነው ጥያቄሽ።

አሁን መምረጥ የለብሽም። ባንኮኒውና ላብራቶሪው ያሉት አንድ መንገድ ላይ ነው፣ የያዘሽም ጉዳይ ራሱ ይህን ያሳያል።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ነው፤ የደም ሥር የውስጥ ሽፋን አርጂኒን ከሚባል አሚኖ አሲድ ይሠራዋል፣ ዕድሜውም የሰከንዶች ነው። ጎረቤት ሴል ውስጥ ይገባና ጓኒሌት ሳይክሌዝ የሚባል ኤንዛይም ይቀሰቅሳል፣ ኤንዛይሙ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል መልእክተኛ ሞለኪውል ያመርታል፣ ሞለኪውሉም ፕሮቲን ካይኔዝ ጂ (PKG) የሚባል ሌላ ኤንዛይም ያነቃና የደም ሥሩ ይላላል። ይህን ታውቂዋለሽ። አንቺን የሳበሽ ልብ ውስጥ የሚሠራው ነው፣ እኔንም እስከዛሬ ይገርመኛል። የተዘጋ የልብ ደም ሥር ተከፍቶ ደም ሲመለስ፣ ሁላችንም እፎይ የምንልበት ያ ደቂቃ ራሱ ሴሉን ይጎዳዋል፦ ካልሲየም ያጥለቀልቀዋል፣ የሚቶኮንድሪያው፣ የሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ ሽፋን ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ሴሉም ይሞታል። የናይትሪክ ኦክሳይድ መልእክት ያ ቀዳዳ በቀላሉ እንዳይከፈት ያግዛል። በቀጥታም የሚቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች ላይ ተጣብቆ ሥራቸውን ለጊዜው ያቀዘቅዛል፤ ደሙ ሲመለስ የሚፈጠረው ጎጂ የኦክስጅን ውጤት በዚያ ይቀንሳል።

ግን ሲበዛ ይጎዳል። ሱፐርኦክሳይድ ከሚባለው ጎጂ የኦክስጅን ውጤት ጋር ሲገናኝ ፐርኦክሲናይትራይት የሚባል ጎጂ ውህድ ይሆንና የሚጠብቀውን ሴል ራሱ ያቃጥላል። ሰውነት ውስጥ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚቀየርና እንስሳት ላይ ተስፋ የሰጠው ናይትራይት የልብ ደም ሥራቸው ለተዘጋ ሕሙማን በደም ሥር ሲሰጥ የጉዳቱን መጠን አልቀነሰም። ስንት ይሰጥ፣ መቼ ይሰጥ፣ በየት በኩል ይሰጥ? ይህ ሁሉ የፋርማሲ ጥያቄ ነው፣ እህቴ።

ታሪኩም ከመድኃኒት ነው የተነሣው። ናይትሮግሊሰሪን ከ1870ዎቹ ጀምሮ ለደረት ሕመም ሲታዘዝ ኖሮ፣ ሥራው ናይትሪክ ኦክሳይድ መልቀቅ መሆኑን ተመራማሪው ፈሪድ ሙራድ ያሳየው በ1977 ነው። ከሮበርት ፈርችጎትና ከሉዊስ ኢግናሮ ጋር በ1998 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ባንኮኒ ላይ ዓመታት ቆሜያለሁ። አንድ ቀን አንድ አባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲልዴናፊል (ቪያግራ) ጠየቁኝ። ገንዘብ ሊያወጡ ከኪሳቸው የመዘዙት ፌስታል ውስጥ አይሶሶርባይድ የሚባለውን የደረት ሕመም መድኃኒት አየሁ። አይሶሶርባይድ ናይትሪክ ኦክሳይድን ይሰጣል፣ ሲልዴናፊል ደግሞ ሳይክሊክ ጂኤምፒን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ያግዳል፣ ሁለቱ ከተገናኙ የደም ግፊት ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል። "አባቴ፣ ይሄን አልሸጥልዎትም" አልኳቸውና ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው። ክፍል ውስጥ በቀስት የምትስዪው መንገድ ሙሉውን እዚያች ፌስታል ውስጥ ነበር። ባላያት ኖሮስ እያልኩ አሁንም አስባታለሁ።

ስለዚህ የመመረቂያ ሪሰርችሽን ከዚህ ጀምሪ። ሆስፒታል የልብ ክትትል ያላቸውን ሕሙማን ጠይቂ፦ ናይትሬቱን (እንደ አይሶሶርባይድ ያለውን መድኃኒት) በስንት ሰዓት ልዩነት ይወስዱታል? ሰውነት እንዳይለምደው በቀን ውስጥ ዕረፍት እንደሚያስፈልግ የነገራቸው አለ? ሲልዴናፊል ከወሰዱ አደጋ እንዳለው ያውቃሉ? ላብራቶሪም አይጥም አያስፈልግሽም። አድቫይዘርና የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ግን ግድ ነው፣ ያለ እሱ አንድ ሰው እንዳትጠይቂ። ስታቲስቲክስንም እንዳትሸሺ፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ የመውጫ ፈተናውን እለፊ፣ ተመዝግበሽ ሥራ ያዢ፣ በጎን ለብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተዘጋጂ። ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት አሠራር ጥናት) በማስተርስ አዲስ አበባም ጎንደርም አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የልብ ሴል እያሳደገ የሚያጠና ላብራቶሪ አገራችን ውስጥ እንደልብ አይገኝም፣ ስለዚህ ዶክትሬቱን ውጭ መፈለግሽ አይቀርም። ፕሮፌሰር ስትጽፊ "ስኮላርሺፕ ይስጡኝ" ብለሽ አትጀምሪ። የሠራሽውን፣ ያገኘሽውን፣ ቀጥሎ ማወቅ የምትፈልጊውን በአንድ ገጽ ጻፊ።

አባትሽን አትጋፊያቸው። እንጀራሽ ነው ያሳሰባቸው፣ ልክም ናቸው። "ሁለት ዓመት ኮምቦልቻ እሠራለሁ፣ ከዚያ ማስተርስ እገባለሁ" በያቸው፤ ቀኑን ቆርጠሽ፣ እናትሽም ባሉበት። ፕሮፖዛሉን ስትጀምሪ የመጀመሪያውን ገጽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።