«አትማን»ን ሲቪዬ ላይ ልጻፈው?

የጻፈችልኝ ህንድ፣ ፑኔ ውስጥ በትምህርት ዘርፍ ማስተርሷን እየጨረሰች ያለች ልጅ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ በጥንታዊ የሳንስክሪት መጻሕፍት ላይ ነው፤ ስለ «አትማን»፣ ማለትም ስለ ሰው ውስጣዊ ማንነት፣ እና ዋጋ ስለማይጠየቅበት አገልግሎት፣ ስለ «ሴቫ»። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቀን ሠራተኞችን ልጆች ሂሳብ ታስጠናለች። «አዲስ አበባ ስመለስ ይሄን ለቀጣሪ እንዴት ላስረዳ? ይስቁብኝ ይሆን? የአካባቢውን ቋንቋ ማራቲን ስለማልችል መጀመሪያ ከልጆቹ ጋር መግባባት አቅቶኝ ነበር። እሱን ግን አላነሳውም» ትላለች።

እህቴ፣ «አትማን» ብለሽ ከጀመርሽ መሳቃቸው አይቀርም። ቃሉን ተይው። ያ የማራቲ ነገር ግን ሳይነሳ እንዳይቀር!

ከጥንታዊዎቹ የሳንስክሪት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ላይ ያለውን ልጅ፣ ሳትያካማን፣ ታውቂዋለሽ። ሊማር ሄዶ መምህሩ «የማን ዘር ነህ?» አለው። የዛሬው «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ማለት ነው። ልጁ አላሳመረውም። «አላውቅም። እናቴም አታውቅም፤ በወጣትነቷ ብዙ ቦታ እየተዘዋወረች ስታገለግል ነው የወለደችኝ። እሷ ጃባላ ናት፣ እኔ ሳትያካማ» አለ። መምህሩ እውነቱን በመናገሩ ተቀበለው። ትምህርት ግን አልጀመረለትም። 400 የከሱ ላሞች ለይቶ «ጠብቅ» አለው። ልጁም 1000 ሳይሞሉ አልመለስም ብሎ ነዳቸው። ዓመታት አለፉ። ትምህርቱንም መጀመሪያ የሰማው እዚያው ሜዳ ላይ ነው፤ ከኮርማው፣ ከእሳቱ፣ ከወፎቹ።

ያንቺ ሜዳ የቅዳሜው ክፍል ነው። (ልጆቹን ከላም ጋር እያወዳደርኩ አይደለም!) ቃለ መጠይቁ ላይ ቋንቋ ሳትችዪ እንዴት ሂሳብ እንዳስተማርሽ ንገሪያቸው። በጠጠር ነው? በሥዕል ነው? ከልጆቹ አንዱ እያስተረጎመልሽ ነው? አስተማሪ የሚቀጥር ሰው ጆሮውን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

ሲቪው ላይ ቁጥር ይኑር። ስንት ልጅ፣ ስንት ወር፣ ስንት ሰዓት። እዚያው ህንድ እ.ኤ.አ. በ1969 የጋንዲ መቶኛ የልደት ዓመት ላይ የተጀመረው ብሔራዊ የተማሪዎች አገልግሎት እንኳ በጎ ፈቃደኛውን በ2 ዓመት 240 ሰዓት ይጠይቃል። ሴቫም ይቆጠራል ማለት ነው። አንቺም ደምሪው።

አንድ ነገር ተዘጋጅተሽ ግቢ። የሳትያካማን ታሪክ የሚያውቅ ጠያቂ ካጋጠመሽ የዘር ጉዳይ ማንሳቱ አይቀርም። መምህሩ ልጁን ሲቀበለው «ብራህማን (ከካህናቱ ዘር) ያልሆነ ሰው እንዲህ አይናገርም» ነው ያለው። አንዳንዱ ይህን «ዘሩ እውነት መናገሩ ነው» ብሎ ያነበዋል። ሌላው ያው የዘር ሚዛን ነው ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። አንቺ የቱ ጋ እንደቆምሽ ካሁኑ ወስኚ፤ እዚያ ደርሶ መንተባተብ ጥሩ አይደለም።

ሲቪውን አስተካክለሽ ላኪልኝ። ከሁለት ገጽ ከበለጠ ግን አላነበውም።