የእናቴ ኃጢአት በደሜ ውስጥ አለ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያው ፅንስ በአራተኛ ወሩ ወርዶብኛል። እናቴ እኔን አርግዛ ቃልቻ ቤት ትመላለስ እንደነበር ዘመድ ነገረኝ። በቅርቡ ደግሞ የእናት ሴሎች በልጅ ሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመት እንደሚቀሩ አነበብኩ። ኃጢአቷ በእኔ አልፎ ልጆቼን እየነካ ይሆን? ከእናቴ ቤት እህል ውኃ መቅመስ ትቻለሁ። ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ በእግሬ ለመሄድም ተስያለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ በቅድሚያ ስላጣሽው ፅንስ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ያነበብሽው እውነት ነው። የእናትና የልጅ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል ተለያይቶ ቢዘዋወርም ጥቂት ሴሎች ወዲያና ወዲህ ያልፋሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ወንድ ልጅ ከወለደች 27 ዓመት ባለፋት እናት ደም ውስጥ የወንድ ሴል ማግኘቱን ገልጿል። የወንድ ምልክት ያለበት ሴል በሴት ደም ውስጥ ስለሚለይ ነው ያወቁት። ከእናት ወደ ልጅም እንዲሁ ያልፋል። እነዚህ ሴሎች ቁስል በሚጠግንበት ቦታም፣ በአንዳንድ ሕመምም ውስጥ ተገኝተዋል። ምን እንደሚሠሩ ገና እየተጠና ነው።

ግን እኅቴ፣ ሴል ሥጋ ነው። ኃጢአት ደግሞ የፈቃድ ሥራ ነው። ፈቃድ በእንግዴ ልጅ አያልፍም!

በዚህ ጉዳይ ስንቱን አጽናንቻለሁ። «ዛር በዘር ይወርዳል» የሚል ወሬ ስንት ቤት በጠበጠ! ልጅ ሲታመም፣ ትዳር ሲዘገይ፣ ፅንስ ሲወርድ የእናት ወይም የአያት ስም ይነሳል። አሁን ደግሞ ይኸው አሮጌ ፍርሃት የሳይንስ ልብስ ለብሶ መጣ። የአባቶችን ኃጢአት በልጆች ላይ ስለማምጣት የሚናገረውን ዘጸአት 20፥5ን የሚጠቅሱም አሉ። ቃሉ ግን «ለሚጠሉኝ» ይላል። አንቺ እግዚአብሔርን ትጠያለሽ? በሕዝቅኤል ዘመን ሕዝቡ «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ» እያለ ሲተርት እግዚአብሔር ራሱ ነው የከለከለው። ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም አለ። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ ሁለቱንም ነፃ አወጣ። የአዳም ነገር ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን በጥምቀት ተሽሮልሻል።

ለመሆኑ በሰማንያ ቀንሽ ለክርስትና ታቅፋ ያመጣችሽ ማን ናት? እናትሽ አይደለችም? በጭንቅ ቀን ወደ ቃልቻ ቤት የሄደችው ያቺው እናት አንቺን ወደ እግዚአብሔር ቤትም ይዛሽ መጥታለች። የፊተኛው ስሕተት ነው፤ አላለባብስም። መፍትሔው ግን ንስሐ እንጂ የልጇ ጀርባ አይደለም። በዚህ ሳምንት ሂጂና ከገበታዋ ቁረሺ። ስትረጋጉ ከንስሐ አባቷ ጋር አገናኚያት። በሐሜት የሰማሽውን ግን ፊቷ ላይ እንዳትወረውሪው።

የወረደው ፅንስ በማንም ኃጢአት ተቀጥቶ አይደለም። ከእሱም የቀረ ሴል በሰውነትሽ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያ ግን ሥጋው ነው፤ ነፍሱ እዚያ ታስራ ያለች እንዳይመስልሽ። እሷ በፈጣሪዋ እጅ ናት።

ጸበል ተጠመቂ፤ ለጤናሽና ለበረከት። እናትሽን ከደምሽ ለማጠብ ከሆነ ግን አትሂጂ። የጤና ክትትልሽንም አታቋርጪ፤ ፅንስ ወርዶብሽ እንደነበር ለሐኪምሽ ንገሪ።

ስለ ስለትሽ ደግሞ፦ ከባድ እርግዝና ይዘሽ የደንገጎን አቀበት በእግር መውጣትን ቅዱስ ገብርኤል አይጠይቅሽም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ይወስኑልሽ። ሕፃኑ ተወልዶ ሲጠና በታኅሣሥም፣ በሚቀጥለው ሐምሌም ይደረሳል። ያን ጊዜ እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ።