ሳይጸዳ የሚያድር ጥርስ

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ወጣቶች፤

ደብረ ብርሃን ላይ ጥርስ ስሞላና ስነቅል ከሠላሳ ዓመት በላይ አሳልፌአለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እጄም እንደ ድሮው ስለማይጸና የቀረኝ መናገር ነው። ከመንዝም ሆነ ከመርሐቤቴ፣ ከይፋት ቆላም ሆነ ከራሱ ከከተማው የመጣ ወጣት ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የሚያመውን ካሳየኝ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፤ «ትናንት ከእራት በኋላ አፍህን በምን አጸዳኸው?» አብዛኛው ትንሽ ዝም ይልና «ጠዋት እኮ ፍቄአለሁ» ይለኛል።

እውነቱን ነው፣ ፍቋል። ያገሬ ሰው በጠዋት መፋቂያ አይታማም፤ ከብት ሲያሰማራም ገበያ ሲወርድም የወይራ ወይም የክትክታ እንጨት ከአፉ አይጠፋም። መፋቂያን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ከለሰለሰና ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ በቀስታ ከተፋቀበት የፊት ጥርስን አሳምሮ ያጸዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 ልማዱ ባለበት ሁሉ እንዲበረታታ መክሮ ነበር። ሆኖም እንጨቱ የመንጋጋን ውስጠኛ ጎን በቀላሉ አያገኘውም፤ የጥርስ ሳሙና የሚሰጠውን ያህል ፍሎራይድም (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን ነው) አይሰጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምንፍቀው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ሰው ፊት ስለምንቀርብ እንፍቃለን፣ ማታ ግን የሚያየን ስለሌለ እንተኛለን።

ጥርስ የሚበላሸው በአብዛኛው በዚያ ሰዓት ነው። ሽማግሌዎቻችን «ጥርሴን ትል በላው» ሲሉ የሚበላ ነገር መኖሩን አልሳቱም፣ የሳቱት መልኩን ነው። ጥፍራችሁን በመንጋጋችሁና በድዳችሁ መገናኛ ላይ ብትፍቁ ነጣ ያለ ለስላሳ ነገር ይወጣል፤ የጀርሞች ክምችት ነው። እነዚህ ጀርሞች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፣ አሲዱም ከጥርሱ ጠንካራ ልባስ ማዕድን እየሟሟ እንዲወጣ ያደርጋል። ቀን ላይ ምራቅ አሲዱን ያጥባል፣ የወጣውንም ማዕድን በከፊል ይመልሳል፤ እንቅልፍ ሲወስደን ግን ምራቅ እጅግ ይቀንሳል። እንግዲህ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ጠጥቶ፣ የዳቦ ፍርፋሪ መንጋጋው ውስጥ ተሰንቅሮ የተኛ ሰው ጥርሱን ያለ ጠባቂ ማሳደሩ ነው። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ወጣት ሳለሁ ሌሊት ተረኛ ስሆን እንቅልፍ ለማባረር ሻይ እደጋግም ነበር፣ ሲነጋጋም እንደዚያው ጋደም እላለሁ፤ የግራ የታች መንጋጋዬን የነቀለልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ሲስቅብኝም ኖሯል።

ስለዚህ ማታ፣ ከእራትና ከሻይ በኋላ፣ ወደ አፍ ምንም ከማይገባበት ሰዓት ጀምሮ እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያ በጥርሶቻችሁ መካከል የጥርስ ክር አሳልፉ፤ ስቴኪኒ ሥጋ ለማውጣት ካልሆነ ይህን ሥራ አይሠራም፣ ሲደጋገምም ድድ ያቆስላል። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ላይ አንዲት አተር የምታክል ሳሙና ጨምሩ፤ በእሽጉ ላይ ፍሎራይድ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ppm፣ የመጠኑ መለኪያ ነው) የሚል ይሁን። ብሩሹን ወደ ድዱ አዘንብሉና በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ሁለት ደቂቃ ቦርሹ። እጅ ሲደክም ያታልላልና ከሚከብደው፣ ከታችኛው መንጋጋ ውስጠኛ ጎን፣ ጀምሩ። እንደ ብረት ድስት አትፈግፍጉ። ምላሳችሁንም ጥረጉ። በመጨረሻ አረፋውን ትፉ እንጂ በውኃ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ እንዲያድር ነው የተፈለገው።

«በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማን ማታ ደጅ ይወጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የቧንቧው ውኃ ጥርስ እንደሚያንቀጠቅጥ እኔም አውቃለሁ። ግን አረፋውን መትፋት ብቻ ከሆነ ደጅ ምን ያስኬዳል? ብሩሹን ለማርጠብና በኋላ ለማጠብ አንድ ሲኒ ለብ ያለ ውኃ፣ ለመትፊያ ደግሞ አንድ ማስታጠቢያ እቤት ውስጥ ይበቃል። በጾም ቀን ጠብታ እንዳይገባ ፈርታችሁ ጠዋት ብሩሽ የማትነኩም አላችሁ፤ እሱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ፣ እኔ የምለምነው የማታውን ነው።

ድድ ሲደማ ብሩሹን የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። ድድ በአብዛኛው የሚደማው ቆሻሻ ተከማችቶበት ስላበጠ ነውና ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይተዋል፣ ካልተወ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሲያማችሁ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ፈጭታችሁ ድዳችሁ ላይ አታድርጉ፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ድድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የቢራ ቆርኪ በጥርስ ስለሚከፍቱት ጎበዞች የምለው የለኝም፣ ስብርባሪውን ይዘው ሲመጡ ራሳቸው ያፍራሉ።

ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አንድ ትልቅ መንጋጋ ይወጣል። ሲወጣ ምንም ጥርስ ስለማይወልቅ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለውና «ይወልቅ የለ» ብሎ ይተወዋል፤ ምትክ የሌለው ቋሚ ጥርስ ግን እሱ ነው። ገና ብቅ ሲል ከሌሎቹ ዝቅ ስለሚል ብሩሹ ከላዩ ያልፈዋል፤ ከልጁ ኋላ ቆማችሁ፣ አገጩን ደግፋችሁ፣ ብሩሹን ከጉንጩ በኩል አጋድማችሁ አስገቡለት። እስከ ሰባት ስምንት ዓመቱ ብቻውን አይችለውም።