20 ሜጋ ከመግዛትህ በፊት አፕሎዱን ገድበው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ለገጣፎ ያለው ቢሮህ 10 ሜጋ ላይን አለው፣ 5 አይፒ ስልክ (በኢንተርኔት የሚደውል የቢሮ ስልክ) አለ፣ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲጭን ወይ ካሜራው ቪዲዮ ወደ ክላውድ ሲልክ ድምጽ ይቆራረጣል፣ ወደ 20 ላሳድገው ወይ ነው ያልከው። አታሳድገው፣ ብርህን ያዝ። እኔ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላን ቢሮና መጋዘን እየዞርኩ ኔትወርክ ነው የምሰራው፣ እንዲህ አይነት ቤት ስገባ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው የላይን ማነስ ሳይሆን የአፕሎድ ወረፋ ነው፣ ማለትም ከቢሮው ወደ ውጭ የሚላከው ዳታ መጨናነቅ።

ሂሳቡን እየው፣ በጂ 711 (ድምጹን ወደ ዳታ የሚቀይርበት አንዱ መንገድ ነው፣ ኮዴክ ይሉታል) አንድ ጥሪ ከነአድራሻ መረጃው (ሄደር) በየአቅጣጫው በሰከንድ ወደ 87 ኪሎቢት ነው የሚወስደው፣ አምስቱም እኩል ቢያወሩ ግማሽ ሜጋ አይሞላም። ድምጹን ይበልጥ የሚያጨምቀውን ጂ 729 ካደረግከው ደግሞ አንዱ ወደ 31 ይወርዳል። ቦታውማ አለ፣ ግን ፋይል ሲጫን ሞደሙ ውስጥ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ትንሽ ጥቅል) ይከመርና ድምጹ ከኋላ ይሰለፋል፣ ልክ ተራ አስከባሪ እንደሌለው የታክሲ ሰልፍ። ድምጽ ባንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ከዘገየ ሰዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ማውራት ይጀምራሉ። ለማረጋገጥ ፒንግ (መልስ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትዕዛዝ) ከፍተህ ትልቅ ፋይል ጫን፣ 20 ሚሊሰከንድ የነበረው 400 500 ከገባ በቃ እሱ ነው።

ስለዚህ ወረፋውን ከሞደሙ አውጥተህ አንተ ወደምታዘው ራውተር አምጣው። አፕሎድህን ጠዋትም ከሰዓትም ለካና ዝቅተኛውን ያዝ፣ 4 ሜጋ ከሆነ 3.5 ላይ ገድበው። ትንሽ ፍጥነት ታጣለህ ግን ካላጣህ ወረፋው ሞደሙ ጋ ይቀራል፣ ራውተሩ ላይ ለድምጹ የምትሰጠው ቅድሚያ ምንም አይሰራም።

ራውተርህ ማይክሮቲክ ከሆነ ማንግል (ፓኬት ላይ ምልክት የሚደረግበት ሜኑ) ላይ የስልኮቹን አይፒ ማርክ አድርግ፣ ኪው ትሪ (ወረፋ የሚደራጅበት ሜኑ) ላይ አንድ ፓረንት፣ ማለትም ዋና ወረፋ፣ ማክስ ሊሚቱ (ጣሪያው) 3.5 ሜጋ፣ ስሩ ሁለት፦ ለድምጹ ፕራዮሪቲ (ቅድሚያ፣ 1 ከፍተኛው ነው) 1 ሊሚት አት (የተረጋገጠለት ድርሻ) 500 ኪሎቢት፣ ለሌላው ፕራዮሪቲ 8። ፓረንቱ ላይ ማክስ ሊሚት ካልሞላህ ፕራዮሪቲው ዝም ብሎ ቁጥር ነው። ደግሞ ፋየርዎል ውስጥ ፋስትትራክን (ፓኬትን በአቋራጭ የሚያሳልፈውን) አጥፋው!! ብዙ ጊዜ በርቶ ነው የሚመጣው፣ በሱ ያለፈ ፓኬት ማንግልን ስለማይነካ ማርክ አያገኝም፣ ሰው ሁሉን በትክክል ሰርቶ ምንም ለውጥ የለውም የሚለው በብዛት እዚህ ጋ ነው።

ራውተርህ ላይ ኦፕንደብሊውአርቲ (ነጻ የራውተር ሶፍትዌር) ካለህ ይቀልሃል፣ ኤስኪውኤም የሚባለውን ወረፋ አስተካካይ ጫንና ከአማራጮቹ ኬክን ምረጥ፣ በዋናነት የምትሞላው የአፕሎድና የዳውንሎድ ቁጥር ነው።

ዳውንሎዱንም ገድብ፣ ግን እዛ ፓኬቱ ላይንህን ካለፈ በኋላ ስለሆነ የምትይዘው፣ ቁጥጥርህ በከፊል ነው። ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚለውንም (የስልክ ጥሪ መልዕክቶችን በመሀል የሚቀይር አገልግሎት) አጥፋው፣ ባንድ ወገን ብቻ ድምጽ መሰማት ብዙ ጊዜ ከሱ ነው። ስልኮቹ ዋይፋይ ላይ ካሉ ግን መጀመሪያ ኬብል ሳብላቸው፣ ዋይፋይ ላይ የሚጠፋን ፓኬት ይሄ ሁሉ አይመልሰውም።

ስትጨርስ ያንኑ ፋይል እየጫንክ ፒንጉን ድገመው፣ ካልወረደ የራውተሩን ሞዴልና የኪው ትሪውን ስክሪንሾት እዚሁ ላክ፣ አብረን እናየዋለን።