የሴፓሬተር ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ ከጋዙ ጋር ለምን ይወጣል?

ጠያቂያችን ያነሱት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው፦ የጋዝ ጉድጓዶቹ ግፊት እየደከመ በመምጣቱ የሴፓሬተሩ (ከጉድጓድ የሚመጣውን ጋዝና ፈሳሽ የሚለየው ጋን) የሥራ ግፊት ከ40 ወደ 20 ባር እንዲወርድ ተደርጓል፤ ከዚያ ወዲህ በኮምፕረሰሩ (ጋዙን በሚያምቀው ማሽን) መግቢያ ላይ ያለው ስክራበር (የተረፈ ፈሳሽ የሚይዝ ጋን) በየፈረቃው በፈሳሽ ይሞላል፤ የሴፓሬተሩ የሌቭል (የፈሳሽ ከፍታ) ንባብ ግን ምንም ለውጥ አላሳየም። አለቃቸው ዲሚስተሩ (ከጋዙ ላይ ጠብታ የሚይዘው መረብ) ተቀዷል ብለው ሴፓሬተሩ እንዲከፈት ወስነዋል። እኔ በባሕረ ሰላጤው አገር በኦፕሬተርነት ስሠራ ይኸው ነገር ስለገጠመኝ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ስሌቱን ሥሩ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሴፓሬተር በመሠረቱ የሚሠራው በስበት ነው። በጋዙ ውስጥ ያለች የፈሳሽ ጠብታ በክብደቷ ልትወርድ ስትል ሽቅብ የሚፈሰው ጋዝ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋታል፤ ጋዙ ከተወሰነ ፍጥነት ካለፈ ጠብታዋ ተይዛ ትወጣለች። ይህ የፍጥነት ጣሪያ የሚሰላው ሳውደርስና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጡት ቀመር ነው፦ ከፈሳሹ ዴንሲቲ (እፍጋት) የጋዙ ዴንሲቲ ይቀነሳል፣ ልዩነቱ ለጋዙ ዴንሲቲ ይካፈላል፣ የውጤቱ ስኩዌር ሩት ኬ በሚባል ቁጥር ይባዛል። የሽቦ መረብ ዲሚስተር ላለው ቋሚ ሴፓሬተር ኬ በዝቅተኛ ግፊት በሰከንድ 0.107 ሜትር ገደማ ይወሰዳል።

አሁን ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚሆነውን እንመልከት። የሚገባው የጋዝ መጠን በኪሎ ሲለካ ያው ቢሆንም፣ ይዘቱ በግምት እጥፍ ስለሚሆን በዚያው ሴፓሬተር ውስጥ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። የጋዙ ዴንሲቲ በግማሽ ስለወረደ የተፈቀደው ፍጥነትም ያድጋል፤ ነገር ግን በስኩዌር ሩት ስለሆነ የሚያድገው 1.41 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሴፓሬተሩ በ40 ባር ከአቅሙ 85 በመቶ ይሠራ ከነበረ፣ በ20 ባር 120 በመቶ ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ግፊት ሲቀንስ ኬ ራሱ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ልዩነቱን ግን አይሞላውም። የተለወጠው ግፊቱ ብቻ ሆኖ ሳለ ጥፋቱን በዲሚስተሩ ማሳበብ የሚቀናን ይህንን ሳናሰላ ስንቀር ነው።

እኛም ያን ጊዜ ሳናሰላ ከፈትን። ማንሆሉ (የሰው መግቢያ ክዳኑ) ተነሥቶ አየር እንደገባ መረቡ ላይ የተጋገረው ጥቁር አይረን ሰልፋይድ መጤስ ጀመረ፤ ይህ ነገር ሲደርቅ ከአየር ጋር ተገናኝቶ በራሱ የሚቀጣጠል ነውና ቶሎ ብለን ውኃ ባንረጨው ኖሮ እሳት ይነሣ ነበር። መረቡ ሲታጠብና ሲመረመር አንዲት ሽቦ እንኳ አልተበጠሰችም። ሦስት ቀን ምርት ቆሞ፣ ሰዎችን ለአደጋ አጋልጠን ያገኘነው ይህንን ነው። ጋዛችሁ ብረትን ወደ አይረን ሰልፋይድ የሚለውጠው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ካለው፣ መክፈት ግድ በሚሆንበት ጊዜም መረቡ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ አደራ እላለሁ።

ሳይከፈት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ፍሰቱን በ30 በመቶ ገደማ ቀንሳችሁ ለአንድ ፈረቃ አቆዩት፤ ያኔ የጋዙ ጫና በ40 ባር ወደነበረበት ይመለሳል። ወደ ስክራበሩ የሚሄደው ፈሳሽ ከቆመ ዲሚስተሩ ጤነኛ ነው፤ መፍትሔውም ግፊቱን ጥቂት መመለስ፣ አንዱን ጉድጓድ ወደ ሌላ ሴፓሬተር ማዞር ወይም የተሻለ ኬ ያለው የውስጥ ዕቃ ማስገባት ነው። ፈሳሹ እንደነበረ ከቀጠለ ግን የአለቃችሁ ጥርጣሬ ሚዛን ይደፋል፤ ከዚያ በፊት ግን ምክንያቱ አረፋ አለመሆኑን አረጋግጡ። የሌቭል መለኪያችሁ በግፊት ልዩነት የሚሠራ ከሆነ አረፋው ከፈሳሹ እጅግ ስለሚቀል፣ አረፋው ዲሚስተሩ ድረስ ደርሶም ንባቡ ልክ ይመስላል፤ ስለዚህ በሳይት ግላሱ (በመመልከቻ መስታወቱ) በዓይናችሁ ተመልከቱ፣ ፀረ አረፋ ኬሚካሉም በትክክል መፍሰሱን ከፓምፑ ላይ አረጋግጡ።